የኢንተርኔት ስልክ እንዳይቆራረጥ፦ በጎጃም ከተሞች ላሉ መሥሪያ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት የስልክ ጥሪውን ወደ ኢንተርኔት ሲያዞር ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ሁሉም መልካም ይሆናል። ከዚያ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ድምፅ መሰባበር ይጀምራል፤ «ሃሎ፣ ይሰማል?» የሚለው ቃል ይበዛል፤ ሥራ አስኪያጁም ከፍ ያለ የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል። ገንዘቡ ይወጣል፣ ድምፁ ግን እንደተሰባበረ ይቀራል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ገንዘብ ወደሚጠቅምበት ቦታ እንዲሄድ ነው። ድምፅ ከመስመር የሚፈልገው ከስፋቱ ይልቅ እርጋታውን ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የማመዛዝነው በዚህ ነው።

ድምፅ ምን ያህል መስመር ይወስዳል?

ከሚገመተው በጣም ያነሰ። በብዛት የሚሠራበት ጂ.711 የተባለው ኮዴክ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ስልት፣ ድምፅን በሰከንድ 64 ኪሎቢት አድርጎ ይለውጠዋል። ድምፁ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረጠ በሰከንድ 50 ፓኬት (ትንሽ የመረጃ እሽግ) ሆኖ ይላካል፤ እያንዳንዱ ፓኬት 160 ባይት ድምፅ ሲይዝ 40 ባይት ደግሞ ለአድራሻና ለመለያ ይጨመርበታል። ድምሩ 80 ኪሎቢት ይሆናል፤ የቢሮው ኔትወርክ የሚያክልበት ሲደመር 87 አካባቢ ይደርሳል። ይህ በአንድ አቅጣጫ ነው፣ ሌላኛውም አቅጣጫ ያንኑ ይወስዳል። እንግዲህ አሥር ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ቢያወሩ እንኳ በየአቅጣጫው አንድ ሜጋቢት አይሞላም።

ችግሩ ያለው በጊዜ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መለኪያ ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከ400 ካለፈ ተነጋጋሪዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተናገሩ ይቸገራሉ። በተጨማሪም በፓኬቶች መካከል ያለው የጊዜ መዋዠቅ ከ30 ሚሊሰከንድ በታች፣ በመንገድ የሚጠፋው ፓኬትም ከመቶ አንድ በታች ቢሆን ጥሪው ጥሩ ይሆናል።

ርቀት ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 200 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሚሊሰከንድ ይጓዛል፤ ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 600 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ጉዞው 3 ሚሊሰከንድ ብቻ ይፈጃል። የዓባይን በረሃ መሻገር ድምፅን አያዘገየውም። የሚያዘገየው ገና ከቢሮው ሳይወጣ የሚቆምበት ወረፋ ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት

ሁለት ልኬት ይበቃል። መጀመሪያ ቢሮው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በኬብል በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ፒንግ የተባለውን፣ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ትእዛዝ ወደ ስልክ አገልግሎቱ ሰርቨር ለጥቂት ደቂቃ ይልቀቁትና የሚመለሱትን ቁጥሮች ይመዝግቡ። ቀጥሎ ሌላ ሰው በዚያው መስመር ትልቅ የቪዲዮ ፋይል በቴሌግራም እንዲልክ ያድርጉና ቁጥሮቹን እንደገና ይመልከቱ። በጸጥታው ጊዜ 40 ሲል የነበረው፣ ፋይሉ መሄድ ሲጀምር 300፣ 600፣ 900 እያለ ከወጣ፣ ፋይሉ ሲያልቅም ወዲያው ወደ 40 ከተመለሰ፣ ሕመሙ ወረፋ ነው፤ በራውተር ይድናል። ማንም ሳይነካው ቁጥሩ የሚዘል ወይም መልሱ ጭራሽ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጉዳቱ ራሱ መስመሩ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ያህል ውድ ራውተር ቢገዛ አያስተካክለውም።

ልኬቱን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብቻ ወስዶ መወሰን አይገባም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይና ማታም ይደገም፤ ከተማው በገበያ ቀን የሚጨናነቅ ከሆነ የገበያው ቀን እንዳይዘለል።

የትኛው መስመር? ፋይበር፣ የመዳብ ሽቦ፣ 4ጂ ወይስ ሳተላይት

ፋይበር በአካባቢው ካለ ሌላ ማወዳደር አያስፈልግም። መዘግየቱ አነስተኛ ነው፣ አይዋዥቅም፤ መብረቅ በሚበዛበት በጎጃም ክረምት ደግሞ በመስታወት ክር የሚመጣ መስመር የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ቢሮው ይዞ አይገባም። አነስተኛው የፋይበር ጥቅል ለድምፅ ከትልቁ የ4ጂ ጥቅል ይሻላል። ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ።

በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ሁለት ድክመት አለበት። አንደኛ፣ የመላኪያ አቅሙ ከመቀበያው በጣም ያንሳል፤ ከአንድ ሜጋቢት የማይበልጥ መላኪያ የተለመደ ነው። ጥሪ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይፈልጋል፤ «እኛ ደህና እንሰማለን፣ እነሱ ግን አይሰሙንም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ሰኔ ሲገባ ውሃ የሚያገኘው የሽቦ መጋጠሚያ መስመሩን ያውካል፣ ፓኬትም ያጠፋል። ሽቦው አጭርና ደረቅ ከሆነ ግን ለአራትና ለአምስት ጥሪ ያገለግላል፤ ስላረጀ ብቻ መጣል የለበትም።

4ጂ ለብዙ የወረዳ ከተሞች ብቸኛው ምርጫ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የማነጻጸር ዕድል በአንዳንድ ከተሞች ተገኝቷል። ሁለቱም በሚደርሱበት ቦታ በዝና አይምረጡ፤ የሁለቱንም ሲም እየቀያየሩ ስልኩ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ይለኩ። የሞባይል ምሰሶ ለሁሉም የጋራ ስለሆነ መዋዠቁ ከፋይበር ይበዛል። የራውተሩ ቦታም ትልቅ ለውጥ ያመጣል፦ ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን አንጸባርቆ ይመልሳል፤ በቆርቆሮ በተከበበ ክፍል መሃል የተቀመጠ ራውተር ወደ ምሰሶው ዞሮ መስኮት ላይ ቢደረግ ወይም የውጭ አንቴና ቢገጠምለት ከጥቅል ማሳደግ የበለጠ ይጠቅማል። አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ደግሞ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ይህን ያየ መሥሪያ ቤት ፋይበር ማግኘት እየቻለ ስልኩን በሙሉ በሞባይል ዳታ ላይ ሊያቆም አይገባም።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚገኝ ከሆነ ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ብቻ ወደ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል። ከ150 ሚሊሰከንዱ ገና ከመነሻው አልፏል። ሌላ መስመር በሌለበት ቦታ ብቻ የሚመረጥ ነው።

ትልቅ ጥቅል ወይስ ደህና ራውተር?

ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገባበታለሁ።

ወፍጮ ቤት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሦስት ኩንታል በቆሎ ከአህያ ያራገፈ ገበሬ ቀድሞ ከደረሰ፣ አንዲት ቁና ጤፍ የያዘች ልጅ ግማሽ ቀን ትቆማለች፤ ወፍጮው ፈጣን መሆኑ አይጠቅማትም፣ የሚጠቅማት ቀድማ እንድትገባ የሚፈቅድላት ሰው ነው። የድምፅ ፓኬት 200 ባይት ነው፤ የፋይል ፓኬት 1,500 ባይት ይሞላል። በሰከንድ 512 ኪሎቢት በሚልክ መስመር ላይ አንድ የፋይል ፓኬት ብቻ ለመውጣት 23 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። ርካሽ ራውተር ደግሞ ፓኬት ከሚጥል ብሎ ሁሉንም ያከማቻል፤ መቶ የፋይል ፓኬት በወረፋው ካለ ከኋላ የመጣው ድምፅ ከሁለት ሰከንድ በላይ ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት ተጠቃሚው «ኔትወርክ የለም» ይላል። ኔትወርኩ ግን አለ፤ የሌለው ተራ አስከባሪ ነው።

ጥቅሉ በእጥፍ ቢጨምር ወረፋው ያጥራል፣ አይጠፋም። ኮምፒውተሮችና ስልኮች ያገኙትን መስመር ሁሉ እስኪሞላ ድረስ ይጠቀማሉና። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ድምፅን ማስቀደም ወደሚችል ራውተር ቢሄድ ይሻላል። ሚክሮቲክ በሚባሉት ራውተሮች ላይ ይህ ይገኛል፤ ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በሚቀበሉ ራውተሮችም ላይ «ኬክ» ወይም «ኤፍ ኪው ኮዴል» የሚባሉት የወረፋ አስተዳደሮች ሥራውን ይሠራሉ። ራውተር ሲገዙ ስለ አንቴናው ብዛት ከመጠየቅ ይልቅ «የመላኪያ ፍጥነቱን መገደብ ይችላል ወይ? ለድምፅ ቅድሚያ ይሰጣል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመስመሩን እውነተኛ የመላኪያ ፍጥነት በተለያየ ሰዓት ይለኩ፤ ለምሳሌ በብዛት 4 ሜጋቢት ከሆነ ራውተሩ ላይ ከ3.4 እስከ 3.6 ሜጋቢት ባለው ይገድቡት። በራስ ፈቃድ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ከመቶ መቀነስ ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን ወረፋው አገልግሎት ሰጪው ባስገባው ሞደም ውስጥ መከማቸቱን ትቶ እርስዎ በሚያዙት ራውተር ላይ እንዲሠራ የሚያደርገው ይህ ነው። ቀጥሎ የስልክ ቀፎዎቹ ፓኬቶቻቸው ላይ የሚያደርጉትን ምልክት፣ ማለትም «ይህ ድምፅ ነው» የሚለውን 46 ቁጥርን፣ ራውተሩ አይቶ እንዲያስቀድም ይታዘዛል። ይህ ምልክት ከቢሮው ወጥቶ በሰፊው ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያከብረው የለም። ይሁንና ጭንቁ ያለው መውጫው በር ላይ ስለሆነ እዚያ መከበሩ ይበቃል። የ4ጂ ፍጥነት በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ገደቡ ዝቅ ባለው ሰዓት ልክ ይቀመጥ። ቀሪው ሰዓት ላይ ጥቂት ፍጥነት ይባክናል፤ ይባክን።

በብዙ ራውተሮች ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚል አማራጭ ተከፍቶ ይመጣል። ጥሪን ለመርዳት ታስቦ የተሠራ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ማበላሸት ነው፦ ስልኩ ይጠራል፣ ሲነሳ ግን ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ይሰማል። መጀመሪያ ያጥፉት።

ኬብል ወይስ ዋይፋይ?

ለጠረጴዛ ስልክ ኬብል። ዋይፋይ ላይ አየሩ የጋራ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ ይናገራል፤ ጥግ ላይ ደካማ ሲግናል ይዞ የሚታገል አንድ ስልክ የሌላውን ሁሉ ጊዜ ይበላል። እየተንቀሳቀሱ ማውራት የግድ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ይመረጥ፤ ሲግናሉም ስልኩ በሚነገርበት ቦታ ከ−67 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ባይደክም ጥሩ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ በመሆናቸው ሱቅ ከሱቅ በተያያዘበት መንገድ ላይ ሁሉም እርስ በርሱ ይረባበሻል። ሲግናል ተቀብለው የሚደግሙ ማራዘሚያዎችን ለድምፅ አልመክርም፤ ያንኑ አየር ሁለት ጊዜ ይጠቀማሉ።

ኬብል ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገበያው ላይ «ካት 6» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ኬብል ከውስጥ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ የተቀባ ነው። ከጥቅልሉ ጫፍ አንዱን ክር አውጥተው በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከታየ መዳብ አይደለም። ካርቶኑም ከእውነተኛው ይቀላል። እንዲህ ያለው ኬብል ጥቂት ጊዜ ታጥፎ ሲቃና ይሰበራል፤ ስልኮቹ ኤሌክትሪካቸውን በዚያው ኬብል የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ በመንገድ ይዳከምና ቀፎው በራሱ እየጠፋ ይበራል። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ከሐሰተኛ ካት 6 እጅግ ይበልጣል። ከስዊቹ፣ ማለትም የቢሮውን ኬብሎች ከሚያገናኘው ሣጥን፣ እስከ ስልኩ ያለው ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ።

በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሕንፃ ካለ ምርጫው ይለወጣል። የመዳብ ኬብል ከሕንፃ ሕንፃ በአየር ላይ መዘርጋት በክረምት መብረቅን ወደ ስዊቹ መጋበዝ ነው፤ አንድ ነጎድጓድ ባለፈ ማግስት የተቃጠሉ የስዊች መሰኪያዎች የሚቆጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ፋይበር ዘርግቶ በሁለቱ ጫፍ የፋይበሩን ብርሃን ወደ መዳብ ኬብል የሚያሻግር ሚዲያ ኮንቨርተር መግጠም ይሻላል። የሬዲዮ ድልድይም ይቻላል፤ ሁለቱ አንቴናዎች ግን ያለ ከልካይ መተያየት አለባቸው። በተለይ በአዊ አካባቢ፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቁመቱ ስለሚመዘዝ፣ ሲገጠም ጥርት ብሎ የታየው መንገድ በዛፍ ይዘጋል፤ ዝናብ ያረጠበው ቅጠል ደግሞ 5 ጊጋኸርዝን አጥብቆ ያደክማል። ምሰሶውን ሲተክሉ ዛፉ የሚደርስበትን ከፍታ አስበው ይትከሉ።

የስልክ ማዞሪያው ቢሮ ውስጥ ወይስ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ?

የውጭው አገልግሎት ለመጀመር ቀላል ነው፤ ማሽን አይገዛም፣ ጠባቂ ባለሙያም አያስፈልገውም። ነገር ግን ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ በአንድ ኮሪደር ላይ ያሉ ሁለት ሠራተኞች ሲደዋወሉ ድምፃቸው ባሕር ተሻግሮ ሊመለስ ይችላል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ከክፍል ወደ ክፍል መደወል አብሮ ይቆማል። አስተሪስክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቢጫን የውስጥ ጥሪው በግቢው ውስጥ ያልቃል። ከጥሪዎቹ አብዛኞቹ የውስጥ ለሆኑባቸው ክሊኒክ፣ ኮሌጅና ሆቴል እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ጥሪዎቹ በሙሉ ከግቢው ውጭ ላሉ ሰዎች ለሆኑበት ድርጅት ደግሞ የውጭው ሰርቨር ይበቃል፤ ለአካባቢው ቅርብ የሆነ ሰርቨር ካለ እሱን ይጠይቁ።

ማዞሪያውን ቢሮ ውስጥ ያደረገ ሰው ጥሪ የሚገባበትን 5060 ቁጥር የኔትወርክ በር ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ እንዳይተው። ክፍት ማዞሪያ እያሰሱ በሰው ሂሳብ የሚደውሉ ፕሮግራሞች ሌት ተቀን ይዞራሉ። ከሌላ ከተማ የሚሠራ ባልደረባ ካለ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መንገድ፣ ይግባ። በሕግ በኩል ደግሞ መስመሩ ግልጽ ነው፤ የውጭ አገር ጥሪ ያለ ፈቃድ ተቀብሎ ወደ አገር ውስጥ ስልክ ቁጥሮች ማሳለፍ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያስቀጣል። «ጥሪ አስተላልፍልንና እንከፍልሃለን» የሚል ሰው ሲመጣ በሩን ማሳየት ነው።

ስለ ኮዴክ በአጭሩ። መስመሩ ሰፊ ከሆነ ጂ.711፤ ጠባብ ከሆነ ጂ.729፣ የባለቤትነት ክፍያው ስለቀረ ያለ ሥጋት ይሠራበታል፤ ፓኬት በሚጠፋበት 4ጂ ላይ ግን ኦፐስ ከሁለቱም ይሻላል፣ የጎደለውን መሙላት ይችልበታልና። በሚቆጠር ዳታ ለሚሠሩ ልዩነቱ በገንዘብ ይታያል፦ አንድ ሰዓት ጥሪ በጂ.711 በሁለቱ አቅጣጫ 72 ሜጋባይት ሲፈጅ በጂ.729 ወደ 22 ይወርዳል።

መብራት

የጠረጴዛ ስልኮች ኃይላቸውን በኔትወርክ ኬብል ከስዊቹ ቢያገኙ፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ሞደሙን፣ ራውተሩን፣ ስዊቹንና ቀፎዎቹን ሁሉ ያቆያል። በየጠረጴዛው መሰኪያ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ስልክ በአንዴ ይሞታል። ለትንሽ ቢሮ ትልቅ ዩፒኤስ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለራውተር ተብሎ የተሠራው ትንሹ የባትሪ ሣጥን በቂ ነው፤ ቮልቱ የራውተሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ማየት ብቻ ነው።

ለማን የትኛው?

ቡሬ ላይ በአንድ ስልክ የሚነግድ የእህል ነጋዴ ስዊችም ማዞሪያም አያስፈልገውም። የ4ጂ ራውተሩን መስኮት ላይ ያድርግ፣ ስልኩን በኬብል ያገናኝ፣ ኦፐስን ይምረጥ፤ ትንሿን ባትሪ ይጨምርና ይበቃዋል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ስምንት ስልክ ያለው ክሊኒክ መጀመሪያ ፋይበር ይጠይቅ፤ አነስተኛውን ጥቅል ይውሰድና የተረፈውን ገንዘብ ቅድሚያ በሚሰጥ ራውተርና ለስልክ ኃይል በሚሰጥ ስዊች ላይ ያውለው። ማዞሪያው ግቢው ውስጥ ይሁን። መጠባበቂያ 4ጂ ካስገባ፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲዞር በመካሄድ ላይ ያለው ጥሪ እንደሚቆረጥ ለሠራተኞቹ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ማዞሪያው የስልክ አገልግሎቱ ሰርቨር ላይ ምዝገባውን የሚያድስበትን ጊዜም ወደ ሁለት ደቂቃ ማሳጠር ቶሎ እንዲመለስ ይረዳል።

ጣና ዳር ላለ ሆቴል ትልቁ ጠላት የእንግዶች ዋይፋይ ነው። ምሽት ላይ ሁሉም ክፍል ቪዲዮ ይከፍታል። ስልኮቹን በስዊቹ ላይ ለብቻቸው ኔትወርክ መለየት፣ የእንግዳውን ዋይፋይ ደግሞ በራውተሩ ላይ ጣራ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ይህ ሳይደረግ ሁለተኛ የፋይበር መስመር ማስገባት ውድ መፍትሔ ነው። የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ተራ የሞባይል ቀፎ ባትሪው ሞልቶ ሁልጊዜ ይቀመጥ፤ አምቡላንስ ወይም ፖሊስ የሚጠራበት ስልክ በራውተር ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም።